ጫት የተወ ሰው ከ8 እስከ 11 ሰዓት ምን ይሥራ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መስከረም ሲጠባ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ረመዳን ሲቃረብ ስለ ጫት የሚጻፈው ምክር በየጋዜጣው አንድ ዓይነት ነው። «ወስን፣ ቁረጥ፣ ጠንክር» ይባላል፤ ከዚያ የጉዳት ዝርዝር ይከተላል። ጉዳቱንማ የሚቅመው ሰው ከጸሐፊው አብልጦ ያውቀዋል። ዓይኑ ፈጦ ያደረው፣ ሆዱ የደረቀበት፣ ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያለቀበት እሱ ነው። ሳይነገረው የሚቀረው ሌላ ነው፤ ከተወ በኋላ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ምን ይሥራ? እጁ ምን ይያዝ? አፉ ምን ያኝክ? ከማን ጋር ይቀመጥ? ለዚህ መልስ ሳያዘጋጅ የማለ ሰው፣ ሰዓቱ ሲደርስ እግሩ ራሱ ወደለመደበት ይወስደዋል።

የምጽፈው በከተማ ከሥራ፣ ከትምህርት ወይም ከጓደኛ ጋር አያይዞ በየቀኑ ስለሚቅም ሰው ነው። በሐረርጌና በወሎ ለዱዓ ተብሎ በወግ የሚቃመው የራሱ ሥርዓት ስላለው እሱን እዚህ አልነካም። ሴቶችንም አልረሳሁም። ብዙዎቹ የሚቅሙት ቤታቸው በር ዘግተው ስለሆነ አይታዩም እንጂ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል።

በርጫ፣ ማለትም ጫት ይዞ የመቀመጡ ወግ፣ ብቻውን የቆመ ልማድ አይደለም፤ ብዙ ነገር አስከትሎ የሚመጣ ሰንሰለት ነው። ሰውየው ጠዋት ከባድ ራስ ይዞ ይነሣል፣ ቁርስ አያሰኘውም፣ በባዶ ሆዱ ሁለት ስኒ ቡና ይጠጣል። ምሳ የሚበላው ርቦት ሳይሆን ጫት በባዶ ሆድ አይሆንም ተብሎ ነው። 8 ሰዓት ላይ ይቀመጣል፤ ከጫቱ ጋር ለስላሳው፣ ለውዙ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ሲጋራው ይመጣል። መርቅኖ ሲጨርስ ልቡ እየመታ፣ ሐሳቡ እየሮጠ ቤት መግባት ይከብደዋልና ለማውረድ ብሎ ይጨብሳል፤ አልኮል ይጠጣል ማለት ነው። እራቱን ወይ ይዘለዋል ወይ በእኩለ ሌሊት ይበላዋል። እንቅልፍ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ጠዋት ያው ከባድ ራስ፣ ከሰዓት ያው ሐራራ።

«ጫቱን ተው» የሚለው ምክር ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጠንካራውን ቀለበት መርጦ ይጎትታል። የሚያዋጣው ከጭራው መጀመር ነው፤ ከጨብሲውና ከእንቅልፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌሊቱን ያልተኛ አካል በማግሥቱ ከሰዓት የሚያነቃው ነገር ይፈልጋል፤ የዛሬው ሐራራ ግማሹ የትናንቱ እንቅልፍ ማጣት ነው። ሌሊቱ ሳይስተካከል ከሰዓቱን ማስተካከል በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደመወልወል ነው።

የጫቱን ጠባይ ማወቅም ይረዳል። የሚያነቃቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ተለይቶ የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ካቲኖን በለጋው ቀንበጥ ውስጥ ይበዛል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ግን ካቲን ወደሚባል በጣም ደካማ ነገር ይለወጣል። በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ከአወዳይ በሌሊት መኪና የሚበረው በዚህ ምክንያት ነው። ለቃሚው ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጫት ለነገ አይቀመጥም፤ የተገዛ ሁሉ ዛሬውኑ ይቃማል። ስለዚህ «ግማሹን አስቀምጣለሁ» ብሎ ሙሉ ዙርባ መግዛት ራስን ማታለል ነው፤ ቅነሳው የሚደረገው ጫት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ገንዘብ ሲከፈል ነው። ሁለተኛ፣ ኃይሉ በደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነውና ማታ 12 ሰዓት ላይ የተጨመረች አንዲት ጉርሻ የምትከፈለው ከእንቅልፍ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አይተውም፤ ይጽፋል። በደብተር ወይም በስልኩ ላይ በየቀኑ አምስት ነገር ይመዘግባል። ስንት ሰዓት ላይ አማረኝ፣ ከዚያ በፊት ምን እያደረግሁ ነበር፣ ከማን ጋር ቃምኩ፣ ስንት ብር አወጣሁ፣ ስንት ሰዓት ተኛሁ። የጽሑፉ ዓላማ ራስን መውቀስ አይደለም፤ የሚቆሰቁሰውን ነገር ማግኘት ነው። በሰባት ቀን ውስጥ መልኩ ይወጣል። አንዱ የሚቅመው እንቅልፍ ስላልጠገበ ነው። ሌላው ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው፤ ደላላ ከሆነ ደግሞ ሥራውም ስልኩም እዚያ ነው። ሦስተኛው ማጥናት ወይም መንዳት ያለ ጫት የማይቻል መስሎት ነው። ይህን ሳይለዩ የሚሰጥ ምክር ለሁሉም አንድ ኪኒን እንደማዘዝ ነው። ለጨዋታው ብሎ የሚቅመውን «ብቻህን በእግርህ ሂድ» ብትሉት ሦስት ቀን ይሄዳል፤ በአራተኛው እግሩ ጓደኞቹ ጋ ያደርሰዋል። እሱ የሚያስፈልገው ሰው ያለበት ምትክ ነው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት የማታው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ጫቱ አይቆምም፤ ማብቂያ ሰዓቱ ብቻ ወደ 10 ሰዓት ይመጣል። ከ10 ሰዓት በኋላ የተረፈው ገረባ ይሆናል፤ ይጣላል። ቡናም ከ8 ሰዓት በኋላ ይቀራል፤ የቡና ንቃት በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታልና 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ አለ። በጨብሲው ቦታ የሚገባው ቤት ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ እራትና የእግር ውሃ። እራት በ1 ሰዓት ተኩል፣ ባያሰኝም በትንሹ፤ ሁለት ሦስት ጉርሻም ቢሆን። የምግብ ፍላጎት የሚመለሰው ሰዓቱን ጠብቆ በሚቀርብ ሳህን ነው። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት እግርን ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ እናቶቻችን ለደከመው እንግዳ ሲያደርጉት የነበረ ነው፤ ምክንያትም አለው። እግር ሲሞቅ የቆዳው የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ የውስጡ ሙቀት ይወጣል፣ አካሉም ለእንቅልፍ የሚፈልገውን መቀዝቀዝ ያገኛል። የስኳር ሕመምተኛ ግን ውሃውን በእግሩ አይለካ፤ እግሩ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት።

መነሻ ሰዓት ከመኝታ ሰዓት ይልቅ ይጠቅማል። እንቅልፍን በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም፣ መነሣት ግን ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከተባለ እሑድም 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሊቱን ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶም ቢሆን። በተነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቁርስ ይበላ፤ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ ካልሆነም ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማታ አልተኛሁም ብሎ እስከ 4 ሰዓት ሲያረፍድ ነው፤ ያረፈደባት ሰዓት የሚቀጥለውን ሌሊት ትበላበታለች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳላስገባ አላልፍም። ከጫት በኋላ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው፣ ለማረጋጋት በጠዋት የሚቀምስ ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ቆርጦ እንዳይተው። ጫት በድንገት ቢቆም ሰውን አይገድልም፤ አልኮል ግን ለለመደው አካል በድንገት ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎም መቃዠትና ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሕይወት ያጠፋል። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር፤ በመድኃኒት ታግዞ በቀናት ውስጥ በሰላም ማቆም ይቻላል። በየምክሩ «ጫትና መጠጥ በአንድ ላይ ተው» እየተባለ ሲጻፍ ይህ አለመጠቀሱ ያስቆጣኛል።

አሁን ወደዚያች ወደ 8 ሰዓት። አዲስ ነገር የሚተከለው ሁልጊዜ ከሚደረግ አሮጌ ነገር ጎን ነው። «ከሰዓት ስፖርት እሠራለሁ» ማለት ምንም አይደለም፤ ከሰዓት ማለት መቼ ነው? በእኛ አገር ከምሳ በኋላ የማትቀር አንዲት ነገር አለች፤ እጅ መታጠብ። ስለዚህ አዲሱ ልማድ እዚያ ይታሰር፤ «እጄን ታጥቤ ፎጣውን እንዳስቀመጥኩ ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ»። መውጣት ማለት 10 ደቂቃ ሄዶ 10 ደቂቃ መመለስ ነው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። መንገዱ ቀድሞ ይመረጥ፤ በጫት ቤቱ በር የማያልፍ፣ ከተቻለም ሌላ ሰው በሰዓቱ የሚጠብቅበት። አንድ የሥራ ባልደረባ «7 ሰዓት ከ40 በር ላይ ነኝ» ካለ፣ ከመቶ መሐላ ይበልጣል።

ምትኩ የሚያንሰው ሆን ተብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት የሮጠ ሰው በአምስተኛው ቀን ጉልበቱ ታሞ ይቀመጣል፤ የቀረችው ሰዓት ደግሞ ባዶ ናት። በጣም በደከመበት፣ በዘነበበት፣ በተናደደበት ቀን እንኳ ሊያደርጋት የሚችላት መሆን አለባት። ዝናብ ከሆነ ደረጃ ሦስት ጊዜ መውጣትና መውረድ ይበቃል። የሚፈለገው ላብ አይደለም፤ ከፎጣው ቀጥሎ ጫማ መምጣቱን አካሉ መልመዱ ነው። ሲለመድ ራሱ ይረዝማል።

አፍና እጅ ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። የሚቅም ሰው ለሦስት ሰዓት ቀንበጥ እየለየ፣ እያኘከ፣ ውሃ እየተጎነጨ ኖሯል፤ ይህን ሁሉ ማስቲካ አይተካውም። የወይራ መፋቂያ ይተካዋል። መራራ ነው፣ ይታኘካል፣ እጅን ያስይዛል፣ ጥርስንም ያጸዳል፤ ደግሞ ማንም ሰው ምን ትይዛለህ ብሎ አያፈጥም። ስንዝር የምታህል ለጋ እንጨት ይዞ ጫፏን እስክትለሰልስ ማኘክ፣ በማግሥቱ ያንን ጫፍ ቆርጦ አዲስ መጀመር ነው። ቆሎም ጥሩ ነው፤ አንድ እፍኝ፣ ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት። ጥርሱ በጫትና በስኳር የተጎዳ ግን ጠንካራ ሽምብራ ሊሰብርበት ስለሚችል ሱፍ ወይም የተቀቀለ ንፍሮ ይሻለዋል። ከለስላሳው ጋር መለያየት የግድ ነው፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ጫቱን ትቶ ለስላሳውን ያስቀረ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ሱሪው ይጠበዋል፣ «ጫት ስተው ወፈርኩ» ብሎም ይመለሳል። በቦታው ዝንጅብል ተከትፎ የፈላበት ሻይ፣ ስኳሩ በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሰ።

ሆድ ድርቀቱ ከጫቱ ጋር ወዲያው አይሄድም። በጫት ውስጥ ያለው ታኒን አንጀትን ያኮማትራል፣ ውሃ አለመጠጣትና እራት መዝለል ይጨመሩበታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ ማታ ወይም ጠዋት፤ ከላዩ ሌላ ብርጭቆ ውሃ። ተልባን በትንሽ ውሃ የሚጠጣ ሰው ድርቀቱን ያባብሰዋል።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ መጠኑ ይቀንሳል። ለምሳሌ በቀን 300 ብር የሚያወጣ ሰው በአራተኛው ሳምንት 225፣ በአምስተኛው 150፣ በስድስተኛው 75፣ በሰባተኛው ባዶ። መጀመሪያ ሰዓቱም አብሮ ይገፋል፤ 8 የነበረው 8 ተኩል፣ ቀጥሎ 9፣ ከዚያ 9 ተኩል፤ ማብቂያው 10 ላይ እንደቆመ ነው። እንዲህ ጊዜው ከፊትም ከኋላም እየጠበበ ይሄዳል፣ በተለቀቀው ቦታ እግር ጉዞውና ሻዩ እየገቡ ይሞሉታል። የሚበላሸው የት ነው? ሰውየው በ150 ብር ርካሽ ጫት ፈልጎ የድሮውን ያህል ክምር ይገዛል። ብሩ ቀነሰ፣ መንጋጋው ግን የድሮውን ያህል ሠራ። ስለዚህ ዓይነቱ አይለወጥ፤ በለጬ የለመደ በለጬ ይግዛ፣ ግን ግማሹን። ኪሱም ውስጥ ከዚያ በላይ አይያዝ።

በመጨረሻዎቹና ባዶ በሆኑት ቀናት የሚመጣውን አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ያልጠበቀው ሰው ያበድሁ ይመስለዋል። ድካም፣ ቀን ላይ እንቅልፍ፣ ብዙ መራብ፣ መነጫነጭ፣ ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት። ከሁሉ የሚያስፈራው ዱካክ ነው። ቃሚዎች እንደ አንድ ክፉ ፍጡር ያወሩታል፤ ጫት የተከለከለበትን ሌሊት ጠብቆ የሚመጣ፣ ደረት ላይ ተቀምጦ የሚያፍን፣ ከገደል የሚገፋ። የሚያነቃቃ ነገር ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳንሰዋል፤ ሲቆም ያ ክፍል ተጠራቅሞ ይመለሳል፣ ሕልሙም ይበዛል፣ ይከፋል። ዱካክ እንግዲህ እንቅልፍ እየተጠገነ የመሆኑ ምልክት ነው። ይህ ሁሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይለዝባል። ቀስ በቀስ የቀነሰ ሰው ደግሞ በድንገት ከተወው ይልቅ ቀለል ይለዋል። በእነዚህ ቀናት የረጅም መንገድ ሹፌር በሌሊት ባይነዳ ይመረጣል። እንቅልፍ ከመጣበት መኪናውን አቁሞ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ 20 ደቂቃ ይተኛ፤ ቡናው የሚሠራው ሲነቃ ነውና ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ተማሪም የፈተና ሳምንት ላይ አይጀምረው። ጫት ዓይንን ያፈጥጣል እንጂ ያነበቡትን አእምሮ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ እስከ 5 ሰዓት አንብቦ የተኛ እስከ ንጋት ካፈጠጠው የተሻለ ይዞ ይገባል።

ስለ ገንዘቡ ጋዜጦች «ስንት ባጠራቀምክ ነበር» ብለው ያልፉታል። ያልተቃመ ጫት ግን በራሱ ቁጠባ አይሆንም፤ ኪስ ውስጥ የቀረ 75 ብር እስከ ማታ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠፋል። ለዚህ የዕለት ዕቁብን የሚያህል አላየሁም። ሰብሳቢው በየቀኑ ይመጣል፣ ብሩን ተቀብሎ ይጽፋል፣ ያልከፈለ ሰው ያፍራል። መክፈያ ሰዓቱን 8 ሰዓት ላይ ማድረግ ከተቻለ ደግሞ ያው ሰዓት አዲስ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ዕቁብ የሌለው በዚያችው ደቂቃ በቴሌብር ለሚስቱ፣ ለእናቱ ወይም ለማይነካው ሒሳብ ይላክ፤ «ማታ እልካለሁ» የተባለ አይላክም። የሚያደናቅፈው የዕቁብ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ብር የያዘ፣ ደስ ያለው፣ ጓደኞቹ «ጋብዝ» የሚሉት ሰው የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ስለዚህ ብሩ የሚውልበት ነገር ዕጣው ሳይወጣ ተነጋግሮ ይወሰን፣ ብሩም በቀጥታ ወደዚያ ይሂድ።

ምትክ የሚመስሉ ምትክ ያልሆኑም አሉ። ሺሻ፣ ኃይል ሰጪ የሚባለው የታሸገ መጠጥ፣ የስፖርት ውርርድ። ሦስቱም የባዶዋን ሰዓት በትክክል ይሞሏታል፣ ችግሩም እሱ ነው። ስልክም እንዲሁ። አንድ ምትክ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው በማታው ነው፤ ከእሱ በኋላ እራት ይበላል? ይተኛል? ካልሆነ ልብሱን የለወጠ ያው በርጫ ነው።

ጓደኞችን በተመለከተ የንግግር ጉዳይ አለ። «ዛሬ ይቅርብኝ» ልመና ነው፤ «ለዛሬ ብቻ» የሚል መልስ ይጠራል። «ትቻለሁ» ደግሞ ክርክር ይከፍታል፣ ውርርድም ይያዝበታል። አጭሩና የሚሠራው «ከ8 እስከ 10 ቀጠሮ አለኝ፣ 11 ላይ ሻይ እንጠጣ» ነው። ቀጠሮው ከእግሩ ጋር መሆኑን ማንም ማወቅ የለበትም። ወዳጅነት በ11 ሰዓት ሻይም ይቀጥላል፤ በሻዩ የማይቀጥል ከሆነ ዝምድናው ከዙርባው ጋር ነበር። ቦታ ያለውን ኃይል ለማየት ወደ ውጭ የሄዱ ወገኖችን መመልከት ይበቃል። ጫት በሕግ በተከለከለበት በሳዑዲ ወይም በኤምሬትስ፣ በ2014 እንደ አውሮፓውያን በከለከለችው በእንግሊዝ፣ ዓመታት ሳያስታውሰው የኖረ ሰው ለዕረፍት መጥቶ የድሮ ሰፈሩ ሲደርስ ምራቁ ይሞላል። ቅጠሉን አካሉ ረስቶታል፤ ግቢው፣ ምንጣፉና ትራሱ ግን አልረሱትም። እንዲህ ያለ ሰው ለእንግድነቱ የመጀመሪያ ሳምንት ከሰዓቶቹን አስቀድሞ በዘመድ ጥየቃ ይሙላቸው።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» የሚለውን ነገር ጋዜጦች ባይደግሙት ደስ ይለኛል። ምንጩ በ1960 እንደ አውሮፓውያን አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ሕመምተኞቹን አይቶ የጻፈው ነው፤ የልማድ ጥናት አልነበረም። በለንደን 96 ሰዎችን ይዞ በተደረገ ጥናት፣ አንዲት ትንሽ አዲስ ልማድ ያለ ሐሳብ የምትደረግ እስክትሆን ይፈጃል ተብሎ የተሰላው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር፣ መካከለኛው 66። ውሃ መጠጣት ፈጠነ፣ እንቅስቃሴ ዘገየ። እዚህ ላይ የእኛን ሁዳዴ አስቡት፤ 55 ቀን ነው። በሁዳዴ ጫትና መጠጥ የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፣ የሚሳካላቸውም ሰዓቱ ስለተያዘ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ቅዳሴ አለ፣ ከዚያ ይበላል፣ ይደክማል፣ ይተኛል። ፋሲካ ሲመጣ ሰዓቱ በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ መካከለኛዋ 66 ገና አልደረሰችም። ለዚህ ነው ትንሿ ልማድ፣ ያቺ ከእጅ መታጠብ ጋር የታሰረችው፣ በሁዳዴ አጋማሽ መጀመር ያለባት። በፋሲካ ማግሥት ምሳ ተበልቶ እጅ ሲታጠብ እሷ ቦታዋ ላይ ትገኛለች። በረመዳን የሚያቆምም ዒድ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የከሰዓቱን ጉዞ ይጀምር፤ ርቀቱን በጾም ሰዓት አሳጥሮ።

ያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰ አሳይቷል። የሚያፈርሰው «አንዴ ከቃምኩ እንግዲህ ከሰኞ እጀምራለሁ» የሚለው ሒሳብ ነው። ሐሙስ የቃመ ሰው ዓርብ እጁን ታጥቦ ጫማውን ይሰር፤ ሐሙስን በደብተሩ ላይ ከነምክንያቱ ይጻፈው፤ ማን ጠራኝ፣ ምን ሰዓት፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ። ሁለት ተከታታይ ቀን ከሆነ የሚታየው እንቅልፉ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ይመለስ እንጂ ወደ መሐላ አይመለስ።

በራስ የማይሞከር ጉዳይም አለ። ሰው በሌለበት ድምፅ የሚሰማ፣ ሚስቱ ወይም ጎረቤቱ ሊገድለኝ ነው ብሎ የሚጠረጥር፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ያለ ቀጠሮ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይወሰድ። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞችም ብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት መቅሙን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ጫት ግፊቱንም የልብ ምቱንም ይጨምራል፣ ሐኪሙም ሳያውቅ የመድኃኒቱን መጠን ከፍ እያደረገ ይሄዳል። ካቆመ በኋላ ደግሞ ግፊቱ እንደገና ይለካ፤ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ
አዲስ አበባ